የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ዋጋና ርካሽ አማራጮች፦ ከሐዋሳ ሞተረኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በሐዋሳ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በሞተር ሳይክል የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ቦክሰር፣ ቲቪኤስና የመሳሰሉትን ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ሞተሮች ስለሚነዱ መልሶቹም በእነዚሁ ላይ ያተኩራሉ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። በግብርና ሥራ ምክንያት በይርጋለምና በአለታ ወንዶ መንገድ ለዓመታት በሞተር ስመላለስ ለመለዋወጫ ብዙ ገንዘብ አውጥቻለሁ፤ ከዚህ የጻፍሁትም ከዚያ ወጪ የተማርሁትንና ከመካኒኮች ጎን ቁጭ ብዬ ያየሁትን ነው።

የመለዋወጫ ዋጋ በዚህ ፍጥነት የጨመረው ለምንድን ነው?

ዋናው ምክንያት ዕቃው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የሚገባ መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀድሞ ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከህንድ ወይም ከቻይና የሚመጣው ካቴና በዶላር አንዲት ሳንቲም ባይጨምር እንኳ በብር ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ቀረጡና ታክሱም የሚሰላው ዕቃው በብር በሚያወጣው ዋጋ ላይ ስለሆነ ጭማሪው በጭማሪ ላይ ይደራረባል።

ሁለተኛው ምክንያት ነጋዴው ዋጋ የሚተምንበት መንገድ ነው። ባለሱቁ ዋጋ የሚያወጣው ዕቃውን በገዛበት ሒሳብ ሳይሆን ነገ መልሶ ለመግዛት በሚጠየቀው ሒሳብ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስግብግብነት ብቻ ያየዋል፤ ይሁን እንጂ በድሮ ዋጋ የሸጠ ሰው መደርደሪያውን መልሶ መሙላት ስለማይችል፣ እኔ በበኩሌ በዚህ ነጋዴውን ለመውቀስ አልደፍርም።

ሦስተኛው የእጅ መብዛት ነው። ዕቃው ከአስመጪ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ጅምላ ሻጭ፣ ከዚያም ወደ ቸርቻሪ ሲተላለፍ እያንዳንዱ የየድርሻውን ይጨምራል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ለአንዲት ካንዴላ ወይም ለአንድ ኩሽኔታ የሚጨምረው የጭነት ዋጋ ትንሽ ነው። ዋጋውን በብዛት የሚያንረው በመካከል ያለው እጅና በዓመት አንዴ የሚፈለግ ዕቃ መደርደሪያ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ከውዱና ከርካሹ ዕቃ የትኛውን እንደምገዛ በምን ልወስን?

ከመግዣ ዋጋው ይልቅ በሚያስኬድዎ ኪሎ ሜትር ቢያሰሉት ይሻላል። ለስሌት ያህል ብቻ፣ አንዱ የካቴና ስብስብ 3,000 ብር ተገዝቶ 15,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ ሌላው ደግሞ 1,800 ብር ተገዝቶ 6,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር 200 ብር ሲያስወጣ ሁለተኛው 300 ብር ያስወጣል። በዚያ ላይ ሁለተኛው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር የመካኒኩ የእጅ ዋጋና ሥራ ፈትተው የዋሉበት ቀን ይጨመርበታል።

ይህን ስሌት በራስዎ ሞተር ላይ ለመሥራት አንዲት ትንሽ ደብተር በቂ ናት። እኔ የእኔን በፌስታል ጠቅልዬ ከመቀመጫው ሥር አኖራታለሁ፤ ዕቃ በተቀየረ ቁጥር ቀኑን፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትርና የከፈልሁትን ገንዘብ እጽፍባታለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ የትኛው ዕቃ እንደሚያዋጣኝ ከማንም ሳልጠይቅ አውቄአለሁ። መስታወት፣ ፍሬቻ፣ የእግር መርገጫ ጎማና የመሳሰሉት ግን እንዲህ ያለ ስሌት አያሻቸውም፤ ከገበያው ርካሹን መግዛት ይቻላል።

ኦሪጅናል የሚባለው ዕቃ ከሌላው በምን ይለያል?

በገበያችን «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለሚነገር መጀመሪያ እነሱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሞተሩ አምራች በራሱ ስም ባለው ማሸጊያ የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው ለአምራቹ ዕቃ የሚያቀርበው ፋብሪካ በራሱ ስም አሽጎ የሚሸጠው ነው። የሞተር ሳይክል ፋብሪካዎች ኩሽኔታን፣ ካንዴላን፣ ጎማንና ባትሪን ባብዛኛው ራሳቸው ስለማይሠሩ፣ በእነዚህ ዕቃዎች ላይ የሁለቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛው በስሙ የማይታወቅ ፋብሪካ በመጠን አመሳስሎ የሚሠራው ነው፤ ይህ እንደየፋብሪካው ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ ውጪ ያለው የሌላውን ስም ለጥፎ የሚሸጠው ፎርጅድ ነው፤ ሊፈሩት የሚገባም እሱን ነው። በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ቢያንስ ርካሽነቱን አልደበቀም። ፎርጅዱ ግን የውዱን ዋጋ አስከፍሎ የርካሹንም ያህል ላያገለግል ይችላል።

ፎርጅድ በብዛት የሚገኘው በካንዴላ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከከተማችን ሱቆች በአንዱ በታወቀ ስም የተሸጠችልኝ ካንዴላ በሳምንቷ ነጩ ሸክላ ከብረቱ ላይ ተነቃንቆ በእጄ ይዞር ጀመር፤ እኔም ከነሞተሬ በአለታ ወንዶ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ካንዴላ ስገዛ ከካርቶኑ አውጥቼ ወደ ብርሃን አስጠግቼ ሳላይ አልከፍልም። በሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ የሚታሰርበት ጥርስ ልስልስና እኩል መሆን አለበት፤ ከላይ የታጠፈችው ብረት ከመካከለኛዋ ጫፍ በትክክል ትይዩ መቀመጥ አለባት። ኤንጂኬ የተባለው የጃፓን ካንዴላ ከሆነ ደግሞ ቀለበቷን በጣት አዙሮ ለማውጣት መሞከር ይጠቅማል፤ በእውነተኛው ላይ ቀለበቷ በቀላሉ አትወጣም።

የካንዴላ ቁጥር ሲያመሳስሉ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንዴላዋ ቀዝቃዛ፣ ማለትም ሙቀቷን ቶሎ የምታስወጣ ትሆናለች፤ በቦሽና በቻምፒዮን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ አንዱን ብራንድ በሌላው ሲተኩ «ቁጥሩ ይቀራረባል» በሚል ብቻ አይግዙ፤ የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ ያለውን ሻጭ ይጠይቁ።

ለሞተሬ የተሠራው ዕቃ ውድ ሆነብኝ፤ በምን ልተካው?

ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚያድነው የዚህ መልስ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። በሞተርዎ ላይ ካሉት ዕቃዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለሞተርዎ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፍ መለኪያ ያላቸው፣ ቁጥራቸው በላያቸው ላይ የተጻፈ፣ በመኪናም በባጃጅም በውኃ ፓምፕም ውስጥ የሚገኙ ዕቃዎች ናቸው። ዕቃውን በሞተሩ ስም ሲጠይቁ የሚከፍሉት የስሙንም ዋጋ ጨምረው ነው፤ በቁጥሩ ሲጠይቁ ግን የዕቃውን ብቻ ይከፍላሉ።

ይህን የተረዳሁት በፊት ጎማዬ ምክንያት ነው። ከይርጋለም ስመለስ ፍጥነት በጨመርሁ ቁጥር ከፊት ጎማ የሚወጣ ማጉረምረም መሪውን አልፎ እስከ ክንዴ ይሰማኝ ነበር። ጎማው ተፈቶ ኩሽኔታው ሲወጣ በጥቁር ግራሶና በአቧራ ተለውሶ ምኑም አይታይም ነበር። መለዋወጫ ሱቅ ይዤው ስሄድ የሞተሬን ስም ጠየቁኝና «የዚህ ልዩ ነው» ብለው ዋጋ ጠሩ። ወደ መካኒኩ ተመልሼ ስነግረው፣ በቤንዚን የነከረውን ጨርቅ በጎኑ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሸው፤ በጠርዙ ዙሪያ 6301 የሚል ቁጥር ወጣ። ኩሽኔታ ብቻ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ «6301፣ በሁለቱም በኩል ጎማ ያለው» ብዬ ስጠይቅ፣ በስም የታወቀውን ዕቃ ከመጀመሪያው ዋጋ ከግማሽ በታች በሆነ ገንዘብ ገዛሁት።

ቁጥሩን ማንበብ ከባድ አይደለም። በ62 እና በ63 የሚጀምሩት በሞተር ሳይክል ጎማና ማርሽ ሳጥን ላይ በብዛት የሚገኙት ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የውስጡን ቀዳዳ ስፋት ይናገራሉ፦ 00 ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር፣ 01 ሲሆን 12፣ 02 ሲሆን 15፣ 03 ሲሆን 17 ነው። ከ04 ጀምሮ ቁጥሩን በ5 ማባዛት ብቻ ነው፤ 04 ማለት 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ መሠረት 6301 የውስጥ ቀዳዳው 12፣ የውጭ ስፋቱ 37፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 6202 ደግሞ 15፣ 35 እና 11 ሚሊ ሜትር ነው።

ከቁጥሩ ኋላ የሚከተሉት ፊደላትም ትርጉም አላቸው። 2አርኤስ በሁለቱም በኩል በጎማ የተዘጋ፣ ዜድዜድ በሁለቱም በኩል በቆርቆሮ የተከለለ፣ ሲ3 ደግሞ ለሚሞቅ ቦታ የሚሆን ሰፋ ያለ ክፍተት ያለው ማለት ነው። በክረምት ጭቃ ውስጥ ለሚገባ ጎማ በጎማ የተዘጋው ይመረጣል። ከሞተሩ ውስጥ የሚገባው ግን እንደ ቀድሞው ሲ3 ከሆነ በተራ ኩሽኔታ መተካት የለበትም።

ኦይል ሲል የሚባለው የዘይት መያዣ ጎማም በተመሳሳይ መንገድ ይገዛል። በፊቱ ላይ ለምሳሌ 20 በ34 በ7 የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ፤ የውስጡ፣ የውጩና የውፍረቱ ልክ በሚሊ ሜትር ነው። አምፖል በቮልትና በዋት፣ ባትሪ በቮልት፣ በአምፒር ሰዓትና በተርሚናሉ አቀማመጥ፣ ቡሎንና ዳዶ በውፍረትና በጥርስ ልክ ይጠየቃሉ። ሐዋሳ የባጃጅ ከተማ ስለሆነች ደግሞ ለባጃጅ ተብለው ከሚቀርቡት ኩሽኔታዎችና የዘይት ጎማዎች መካከል ቁጥራቸው ከሞተርዎ ዕቃ ጋር አንድ የሆኑ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ሱቁ የሞተር ሳይክል አይደለም ብለው አይለፉት።

ካቴና ማለቁን እንዴት አውቃለሁ? ርካሽስ አለው?

ካቴና ብዙ ጊዜ ወይ ሳያልቅ ይጣላል፣ ወይ ካለቀ በኋላ ይነዳል፤ ሁለቱም ኪሳራ ነው። ለመለካት ማስመሪያ ብቻ ይበቃል። 428 የተባለው ካቴና ከአንዱ ፒን መካከል እስከ ቀጣዩ ፒን መካከል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ካቴናውን በእጅ ወጥረው 21 ፒን ቢቆጥሩ፣ ከመጀመሪያው ፒን መካከል እስከ መጨረሻው ፒን መካከል ያለው 20 ክፍል በአዲስነቱ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 259 ከደረሰ በመቶ 2 ያህል ተለጥጧል ማለት ስለሆነ መቀየር አለበት። በተለያየ ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለኩ፤ ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል አይለጠጥም።

ሲገዙ ካቴናውን ከፊትና ከኋላ ስፕሮኬት (ካቴናው ከሚዞርበት ባለ ጥርስ ብረት) ጋር አብረው ይግዙ። የስፕሮኬቱ ጥርስ ሾሎ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ፣ አዲሱን ካቴና ያለ ጊዜው ይበላዋል። ካቴናው ላይ ብቻ ቆጥቤአለሁ ያለ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱንም ይገዛል።

428 ካቴና ያለው ሰው 428ኤች ቢያገኝ ያለ ስጋት መግዛት ይችላል፤ ልኩ አንድ ሆኖ የጎን ብረቱ ወፈር ያለ ነው። 420 ግን ምንም እንኳ የፒኖቹ ርቀት ተመሳሳይ 12.7 ሚሊ ሜትር ቢሆንም የውስጡ ስፋት ስለሚጠብ በ428 ስፕሮኬት ላይ አይገባም። ይህን ለይቶ የማያውቅ ሻጭ ስለሚያጋጥም ቁጥሩን በካቴናው ጎን ላይ በዓይንዎ አይተው ይግዙ። የካቴናው ክፍሎች ብዛትም ይቆጠር፤ ረዘም ያለው ሊቀነስ ይችላል፣ ያጠረውን ግን መቀጠል አልመክርም።

መካኒኩ «ሙሉውን ቀይረው» አለኝ፤ ግድ ነው?

ብዙ ጊዜ ግድ አይደለም፤ ነገር ግን መካኒኩን በቅንነት መጠየቅ ያስፈልጋል። ሙሉውን መቀየር ለእሱ ጊዜ ይቆጥብለታል፣ እንደገናም ተበላሽቶ ከመወቀስ ያድነዋል። «ጋሼ፣ በውስጡ ያለው የተበላሸው የትኛው ነው? ለብቻው አይሸጥም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

ቤንዚን የሚያፈስ ካርቡራቶር ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ትንሿ መርፌና ጉዋርኒሲዮኖቹ (ማሸጊያዎቹ) ናቸው፤ እነሱም እንደ መጠገኛ ስብስብ ለብቻቸው ይሸጣሉ። ሞተሩን የማያስነሳ ስታርተር ካርቦኖቹ ብቻ አልቀው ሊሆን ይችላል። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ሸራዎቹን ብቻ በመቀየር ሊስተካከል ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን የኬብሉ ልቅነት ይታይ፤ ኬብሉ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ከሆነ አዲስ ሸራም ይንሸራተታል። ባለ ዲስክ ፍሬን ላይ የእጀታው ፓምፕ ሲያፈስ የውስጡ ጎማ ለብቻው የሚገኝ ከሆነ ያው ይበቃል፤ የፓምፑ ውስጥ ከተቧጨረ ግን ሙሉውን መቀየር ነው።

የፍሬን ሸራ በርካሽ ብገዛ ምን ችግር አለው?

በዚህ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው፦ በፍሬን ላይ የሚገኘው ቁጠባ ሊያስከፍል ከሚችለው ዋጋ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ሸራው በማጣበቂያ የተያያዘ ስለሆነ፣ ያለቀውን አንሥቶ ሌላ ማስለጠፍ በተለይ ለፊት ፍሬን አይሆንም። ከቁልቁለት ላይ ሲሞቅ የተላቀቀ ሸራ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ሊይዘው ይችላል።

ቁጠባው ያለው በትክክል መግዛት ላይ ነው። ባለ ከበሮ ፍሬን የሚለካው በከበሮው የውስጥ ስፋት ነው፤ 110 እና 130 ሚሊ ሜትር በትናንሽ ሞተሮች ላይ የተለመዱ ናቸው። በብዙ ከበሮዎች ውስጥ ከዚህ በላይ መስፋት የለበትም የሚል ቁጥር በብረቱ ላይ ተቀርጿል። ከበሮው ከዚያ ካለፈ አዲስ ሸራ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ከበሮው በሚጸዳበት ጊዜ አቧራውን በኮምፕሬሰር አያስነፉት፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ለመካኒኩም ለእርስዎም ይበጃል።

ሞተሬ ይጨሳል፤ ፒስቶንና ሲሊንደር ከመግዛቴ በፊት ሌላ አማራጭ አለ?

ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ዘይቱ ግን በሁለት መንገድ ሊገባ ይችላል፦ በፒስቶኑ ፋሻ (በዙሪያው ባሉት ቀለበቶች) በኩል ወይም በቫልቮላው ጎማ በኩል። የቫልቮላ ጎማ ዋጋ ከፋሻና ከፒስቶን ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ለመለየት የሲሊንደሩ ግፊት በመለኪያ ይለካ፤ ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማትሞላ ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካ። ግፊቱ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል፤ ለውጥ ከሌለ ችግሩ ቫልቮላው ጋ ሊሆን ይችላል። መኪና የሚሠሩ ጋራዦች መለኪያው ስላላቸው እዚያ ማስለካት ይቻላል።

ሲሊንደሩ ካለቀ፣ ውስጡ የብረት ከሆነ፣ አስቦርቡሮ ከመደበኛው ሰፋ ያለ ፒስቶን ማስገባት ይቻላል። ሰፋፊዎቹ ፒስቶኖች በ0.25 ሚሊ ሜትር ልዩነት እስከ 1.00 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሠራሉ፤ በፒስቶኑ አናት ላይ 25፣ 50፣ 75 ወይም 100 ተብሎ ይጻፋል። መጀመሪያ ፒስቶኑን ይግዙ፣ ከዚያ ሲሊንደሩን ከፒስቶኑ ጋር ወደ ሙያተኛው ይውሰዱ፤ ክፍተቱ የሚለካው በተገዛው ፒስቶን ልክ ነውና። ውስጡ በሌላ ማዕድን የተለበጠ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ግን በዚህ መንገድ አይቦረቦርም። ማግኔት ወደ ውስጥ ሲያስጠጉ አጥብቆ ከተጣበቀ የብረት ነው።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ያዋጣል?

ለአንዳንዱ እጅግ ያዋጣል። የቤንዚን ታንክ፣ መቀመጫ፣ ጭቃ መከላከያ፣ የዕቃ መጫኛ፣ የመብራት ቤት፣ ቆጣሪ፣ ያልተጣመመ ቸርኬ ዓይን አይቶ የሚፈርድባቸው ስለሆኑ ያገለገለውን መግዛት ይቻላል። ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ኩሽኔታና ፋሻ ግን ቀሪ ዕድሜያቸው አይታይም፤ ያገለገለ አይግዙ።

ሙሉ ሞተር ወይም ሻንሲ ከሆነ ቁጥሩ ከሻጩ ሊብሬ ጋር መመሳከር አለበት። የሞተር ስርቆት ያለበት አካባቢ ነንና፣ ዋጋው ከሚጠበቀው በታች የሆነ፣ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ሻጩ ወረቀት የሌለው ዕቃ ሲያጋጥም ጥሎ መሄድ ነው። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ከዚያም ባሻገር፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ገዢ እስካገኘ ድረስ የእያንዳንዳችን ሞተር ከበር ላይ ይነሣል።

ዕቃው ሐዋሳ ካልተገኘስ?

ሻሸመኔ ቅርብ ስለሆነች መጀመሪያ እዚያ ማስጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው አዲስ አበባ ነው፤ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለውም አዲሱም መለዋወጫ ይገኛል። ራስዎ ከሄዱ የጉዞና የማደሪያ ወጪው ትርፉን ይበላዋል። እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቢገዛልዎትና በአውቶቡስ ቢልክልዎት ይሻላል።

የሚላከው መረጃ ግን የተሟላ ይሁን። የአሮጌውን ዕቃ ፎቶ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ያንሡ፤ በላዩ ያለውን ቁጥር በቅርበት ያንሡ፤ የሞተሩን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመትና የሻንሲ ቁጥሩን ይጻፉ። አምራቾች በአንድ ስም በሚሸጡት ሞተር ላይ ከዓመት ዓመት ዕቃ ስለሚለውጡ ስሙ ብቻ አይበቃም። ተመሳሳይ ሞተር ያላችሁ አምስት ስድስት ሰዎች በአንድነት ብታዝዙ የጅምላ ዋጋ ማግኘት ይቻላል። እኛ በመሥሪያ ቤታችን እንደ እቁብ በየወሩ እያዋጣን ካቴናና የፍሬን ሸራ በአንድ ላይ ማስመጣት ከጀመርን ወዲህ በችርቻሮ መግዛት ትተናል።

የመኪና ዘይት ርካሽ ነው፤ ብጠቀምበትስ?

በአብዛኞቹ ባለ ማርሽ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ተብለው ለመኪና የሚሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላለባቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። በጣሳው ላይ ጃሶ (የጃፓን የዘይት ደረጃ) ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ምልክት ይፈልጉ። ኤምቢ የሚለው ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ለማይገባ ስኩተሮች የተሠራ ነው። ምልክቱ ያለበትን ርካሹን ዘይት በጊዜው መቀየር፣ ውዱን ገዝቶ ከማዘግየት ይሻላል።

የገዛሁት ዕቃ ጉድለት ቢኖርበት መብቴ ምንድን ነው?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ሸማቹም ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስለወጥ ወይም ገንዘቡን ለማስመለስ የመጠየቅ መብት አለው። ይህ ሁሉ ግን የሚቆመው በደረሰኙ ላይ ነው። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» የሚለው ግብዣ ለአንዲት አምፖል ባያስጨንቅም፣ ለሲዲአይ (ለካንዴላዋ እሳት ለሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሳጥን) ወይም ለስታርተር ግን መብትን በቅናሽ መሸጥ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ የማይመልሱ ሱቆች ስላሉ፣ ከመክፈልዎ በፊት ቢያንስ «ካልሠራ በስንት ቀን ልመልሰው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በደረሰኙ ጀርባ ያስጽፉ።

በቅናሽ የሚሸጥ ጎማ ብገዛ ችግር አለው?

የተሠራበትን ጊዜ ይመልከቱ። በጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። 1822 ማለት በ2022 በ18ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ሲሆን፣ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። ለዓመታት ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የቆየ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎኑን ጎንበስ አድርገው ሲያዩት ጥቃቅን ስንጥቅ ይታያል። ካላማዳሪውን ከጎማው ጋር በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አሮጌው ስለተለጠጠ በአዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፍና ይቆረጣል።

የአየር ፊልትሮ አጥቤ መልሼ መጠቀም እችላለሁ?

የስፖንጁ ይታጠባል፤ የወረቀቱ አይታጠብም። ስፖንጁን በሳሙና ውኃ ጨምቀው አጥበው፣ በጥላ አድርቀው፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አስነክተው እንደገና ይጭመቁት። የወረቀቱን ከውስጥ ወደ ውጭ በቀላል አየር ማራገፍ ይቻላል፤ ከተቀደደ ወይም ዘይት ከጠጣ ግን መቀየር ነው። በበጋ በአቧራማው የገጠር መንገድ የሚነዳ ሰው ይህን በየሁለት ሳምንቱ ቢያደርግ፣ አቧራው ፋሻውንና ሲሊንደሩን ከመብላቱ በፊት ይያዛል።